በሩ ተከፍቶ አበባ የጠፋበት ጸደይ

ነቡል፣ ማርች 9 ቀን 1986

ለወንድሜ የልጅ ልጅ ለኸሊል፤

የአላህ ሰላም በአንተና በቤትህ ላይ ይሁን። በሰው አገር ፊትህን አያጥቁርብኝ፣ ክንድህን ያበርታልኝ። ሰላምታዬን ከማስረዘሜ በፊት ግን አንድ ነገር ላርም።

«ዙለይኻ የወንድሟን የአበባ ውሃ ማንጠሪያ ቤት ቆልፋ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ ትተኛለች» እያሉ በማርሴይ ያወራሉ አሉ። ሐሰት ነው። የዚያ በር ቁልፍ የክንዴን ግማሽ ያክላል፤ አንገቴ ላይ አስሬው ተኝቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሌላ ሰው ነበር። በሩም አልተቆለፈም። ወሩ ከገባ ጀምሮ በየማለዳው ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጌ እከፍታለሁ፣ ደጁን እጠርጋለሁ፣ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። ወሬውን ላመጣልህ ሰው ይህን ጮክ ብለህ አንብብለት።

አሁን ወደ ጉዳይህ። እናንተ ዘንድ ያላችሁ የነቡል ልጆች ተሰብስባችሁ አያትህን ቡበከርን ልትዘክሩ፣ አንተም ቆመህ ልትናገር መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። የላክልኝ ረቂቅ ግን ደስ አላሰኘኝም። «ሲ ቡበከር በሕይወት ዘመኑ ተቆጥቶ አያውቅም» ብለሃል። ማን ነገረህ? የመዳብ ጭልፋ ጉድጓድ ውስጥ ሲወረውር ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ሌላ ጭልፋ ስላልነበረን ራሱ በገመድ ታስሮ ወርዶ አወጣው፤ ከጉድጓዱ ሲወጣ እየሳቀ ነበር። መወርወሩንም መሳቁንም ጻፍ።

«ከምንም ተነሥቶ» ብለህም ጽፈሃል። ከበቅሎ ነው የተነሣው። አባታችን አንዲት በቅሎ ነበረችው። ቡበከር ጢሙ ገና እየወጣ ሳለ፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ጓዙን የሚሸክፍ አንድ የሲሲሊ መዳብ ሠሪ አገኘ፤ በቅሎዋን ሰጥቶ ማንጠሪያ ማሰሮ ከነቧንቧው ተሸክሞ መጣ። አባታችን ደጅ ቆሞ ጠበቀው።

«በቅሎዋ እኛን ትሸከም ነበር። ይሄን ማን ይሸከመዋል?»

«እኔ።»

«እሷ ድርቆሽ ነበር የምትበላው። ይሄስ ምን ይበላል?»

«አበባ።»

አባታችን እስከ መኸር አላናገረውም። እኔ ያኔ ከቱኒስ የሴቶች ትምህርት ቤት ለዕረፍት መጥቼ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ወሬ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። «አባትሽን ጨው ያቀብለኝ በይው።» «ወንድምሽን ጨው ከመዳቡ ይጭለፍ በይው።» ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

የመጀመሪያው ማሰሮ አረረበት። አበባው ታች ነክቶ ነበርና ውሃው ጭስ ጭስ ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ይደፋዋል፣ ወይም ሌሊት ወስዶ ለማያውቅ ይሸጠዋል። ቡበከር ግን አንድ ጠርሙስ ሞልቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ፣ ሊገዛ የመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያንን ያስሸትተው ነበር። «ይሄ ጥፋቴ ነው፣ አሽትተው። አሁን ደግሞ ይሄን አሽትት።» ለሚኒስትርም ለጣፋጭ ጋጋሪም አንድ ነበር። ጠርሙሱ ዛሬም አለ።

ቱኒስ ድረስ ወርዶ ገበያ ያገኘበትን መንገድም አታውቅም መሰለኝ። ጣፋጭ ሠሪዎቹ በአንደበት ሊያሳምናቸው ሲሞክር አባረሩት። በነጋታው ሱቆቹ ሳይከፈቱ ሄዶ የእያንዳንዱን ደጃፍ በአበባ ውሃ ረጨ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ባለሱቅ ካባውን ይዞ አስቆመው።

«አንተ ሰውዬ፣ ደጄ ላይ ድግምት ነው የምትረጨው?»

«ሠራ?» አለው ቡበከር።

«ሰው ሁሉ ምንድነው የሚሸተው እያለ ይገባል።»

«እንግዲያው ሠርቷል።»

ያ ሰው እስኪሞት ድረስ ደንበኛው ነበር፤ የሴት ልጁም አማት ሆነ።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ረጋ ብዬ አይደለም። የአትክልታችን መራራ ብርቱካን ሊያብብ ነው፤ አያትህ ባረፈ በመጀመሪያው ጸደይ። አበባው ለጥቂት ሳምንት ነው የሚቆየው። ለቃሚዎቹ ግን እስካሁን አንዳቸውም «መቼ እንጀምር?» ብለው አልመጡም። በመንገዱ ዳር የተከፈተው አዲሱ ፋብሪካ መኪና እየላከ ሴቶቹ በየጓሯቸው ያላቸውን አበባ ይገዛል። ዘንድሮ ለእሱ የሰጠች ሴት ለከርሞ ወደ እኛ አትመለስም። አባትህ ሙንጂ ደግሞ ቦታው ላይ ሕንፃ ስለማቆም ከአንድ ሰው ጋር እንደተነጋገረ ሰምቻለሁ። ዘንድሮ እሳታችን ካልነደደ የቡበከር ቤት ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ ቡሽ ላክልኝ፤ የዚህ አገሩ ይፈረፈራል። ጠርሙሶቹን አጥቤአለሁ።

መስመር ጠብቀህ ጻፍ። እጅ ጽሑፍህ ወደ ቁልቁል ይንሸራተታል።

ዙለይኻ

*

ማርሴይ፣ ማርች 19 ቀን 1986

ለተከበሩ ለላላ ዙለይኻ፤

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ጥላዎን ከራሳችን ላይ አያንሣብን። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ስለ ቁልፉ ወሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ አላመንኩም። ትንሽ ብቻ ነው ያመንኩት።

ደብዳቤዎን ለነቡል ሰዎች አነበብኩላቸው። ዳቦ ጋጋሪው ሲ ፈርሐት የጠርሙሱ ወሬ ላይ ስደርስ ጭኑን እየመታ፣ «እኔንም አስሽትቶኛል! ሙሽራ ሆኜ ሄጄ፣ አፍንጫዬን ይዤ ነው የወጣሁት!» አለ። ሚስቱ ከጓዳ ሆና «አፍንጫውን እንደያዘ ቀረ» ብላ ጮኸች። እንደዚያ ስንስቅ አመሸን። ሌላም ካለ ይጻፉልኝ እባክዎ። አያቴን የማውቀው ከሸመገለ በኋላ ነው።

ቡሹ በዚህ ሳምንት ይላካል፤ ከስፔን የመጣ ነው። ለቃሚዎቹ ይመጣሉ፣ አይጨነቁ። የት ይሄዳሉ?

ለመምጣት አስቤ ነበር፤ ግን ሥራ በጣም በዝቷል። መርከብ ጥገና ቤቱ ውስጥ ቧንቧ በያጅ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ይቻላል። ለቀብሩም ያልመጣሁት በዚሁ ምክንያት መሆኑን ያውቃሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አያቴ ሊያርፍ ሰሞን ስለ እኔ አንሥቶ ነበር? ካላነሣም ግድ የለም። እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ጉልበትዎን ስሜአለሁ።

ልጅዎ ኸሊል

*

ነቡል፣ ማርች 28 ቀን 1986

ለኸሊል፤

ሰላም ለአንተ ይሁን፣ አላህ ከክፉ ይጠብቅህ። ቡሹ ደርሷል። ጥሩ ቡሽ ነው። የሚደፈንበት ውሃ ግን የለም።

አበባው ፈንድቷል። መስኮት ስከፍት ሽታው ይገባል። ለቃሚዎቹም ይመጣሉ፤ አዎ፣ በየቀኑ ይመጣሉ። የሚያመጡልኝ ግን ኩስኩስ ነው። በዓሣ፣ በበግ፣ በዱባ። ገብተው ይቀመጣሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ «አላህ ያጽናዎት ላላ» ይላሉ። «አበባው እንዴት ነው ዘንድሮ?» ስላቸው እርስ በርስ ተያይተው «አላህ ያውቃል» ብለው መሬት መሬት ያያሉ። ለፋብሪካው ሸጠው ኅሊናቸው ሲከሳቸው በኩስኩስ ሊክሱኝ ይሆናል። እኔም ከዚህ በላይ አልጠየቅኋቸውም። ቡበከር ሠርግ የደገሰላቸው፣ ጎርፍ አትክልቱን የነቀለ ጊዜ ለቀማ ሳይኖር ችግኝ እያስተከለ ሥራ ያላስፈታቸው ሴቶች ናቸው፤ አበባ ስጡኝ ብዬ አልለምንም። ከልብስ ሰፊዬ በስተቀር በኩስኩሱ የተጠቀመ የለም፤ ቀሚሴን እያሰፋች ነው።

አባትህ ስልክ ደውሎ ነበር። «አክስቴ፣ ዓመቱ ሳይሞላ እሳት ማንደድ ለሰው አፍ ነው፤ ዘንድሮ ይለፈን» አለኝ። ዘንድሮ ካለፈው ሁሉም እንደሚያልፈው እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሁለታችንም ስለ አየሩ ተነጋግረን ዘጋን።

ስለ ቡበከር ሌላ እንድጽፍልህ ጠይቀሃል። ዛሬ አልችልም። ስለዚያ ስለ ሌላው ጥያቄህም ሌላ ጊዜ።

አንተ ግን አንድ ነገር መልስልኝ። አስተማሪ ሆኜ ዕድሜዬን ሙሉ የቀሩ ተማሪዎችን ምክንያት ስሰማ ኖሬአለሁ፤ የአህያ መጥፋትም፣ የአያት መታመምም ሰምቻለሁ። «ሥራ በዝቷል» የሚለው አያትን ሳይቀብሩ ለመቅረት አይበቃም። ቡሽ አልፈልግም፣ ከእንግዲህ ምንም አትላክልኝ። እውነቱን ላክልኝ።

ዙለይኻ

*

ማርሴይ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1986

ለላላ ዙለይኻ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጄ ጀምሬ ቀድጄ ነው የዘገየሁት። መስመሩን ለመጠበቅ ሞክሬአለሁ።

የመኖሪያ ወረቀቴ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጊዜው አልፎበታል። ለማሳደስ አስገብቻለሁ፤ መልሱ በሜይ ወር ይመጣል ብለውኛል። እስከዚያ ከዚህ ከወጣሁ መመለስ አልችልም። የቀብሩ ቀን ወደብ ድረስ ወርጄ የቱኒስ መርከብ ሲነቃነቅ ቆሜ አየሁት። ጓደኞቼ «ግባ፣ የመጣው ይምጣ» አሉኝ። አልገባሁም። ላላ፣ ለአባቴ እንኳ አልነገርኩትም። «አውሮፓ ሄዶ ሕገ ወጥ ሆነ» ከሚለኝ ሥራ በዛበት ቢለኝ ይሻላል ብዬ ነው።

ደግሞም ስሄድ አያቴን እጁን ስሜ አልተሰናበትኩም። ማንጠሪያ ቤቱን እንድይዝለት ፈልጎ ነበር፤ እኔ ደግሞ አበባ ሲለቅም የሚያረጅ ወንድ መሆን አልፈልግም ብዬ ፊት ለፊት ተናግሬው ነበር። በማግሥቱ ሳይነቃ ወጣሁ። አሁን ቀኑን ሙሉ ቧንቧ ስበይድ የሚሸተኝ የተቃጠለ ብረት ነው። ያለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ትራም ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች፤ የአበባ ውሃ ተቀብታለች። ከሦስት ፌርማታ በኋላ መውረድ ሲገባኝ አልወረድኩም።

ዝክሩን ለጊዜው አዘግይተነዋል። እነ ሲ ፈርሐት ይጠብቁኛል። እኔ ግን ምን መብት ኖሮኝ ቆሜ ስለ እሱ እናገራለሁ?

ለቃሚዎቹን እባክዎ ፊት ለፊት ይጠይቋቸው። ኩሩ መሆንዎን አውቃለሁ። አያቴ ኩራት አያውቅም ነበር፤ ለዚህ ነው ሰው የማያጣው።

ይቅር ይበሉኝ።

ኸሊል

*

ነቡል፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1986

ለልጄ ለኸሊል፤

የአላህ ሰላምና ርኅራኄ በአንተ ላይ ይሁን፤ የዘጉብህን በር ሁሉ በመልካም ይክፈትልህ። ደብዳቤህ ደረሰኝ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መስመሩ ቀጥ ብሏል።

«ኩሩ መሆንዎን አውቃለሁ» ማለትህን አልወደድኩትም። ግን ዛሬ ጠዋት መሕቡባ ስትመጣ ትዝ አለኝ። መሕቡባን ታውቃታለህ፤ ከለቃሚዎቹ ሁሉ ቀድማ መሰላል ላይ የምትወጣው፣ ምላሷ እንደ መቀስ የሆነው። በልጅነቷ ተማሪዬ ነበረች። ኩስኩስ ይዛ ገባች።

«መሕቡባ፣ ይሄን ኩስኩስ መልሰሽ ውሰጂው» አልኳት።

«ምነው፣ ጨው በዛበት?»

«እኔ አበባ ነው የምፈልገው። ለፋብሪካው ሸጣችሁት ከሆነ እንደ ሰው ንገሩኝ።»

ሳህኑን ቁጭ አደረገችው። «ለፋብሪካ? እኛ? ላላ ዙለይኻ፣ የፋብሪካው መኪና በየጠዋቱ ደጃችን ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። ባሎቻችን ይጮሁብናል። አበባው እግራችን ሥር እየረገፈ ነው። እኛ ቁጭ ብለን የምንጠብቀው እርስዎን ነው!»

«እኔን? እኔ እኮ ወሩን ሙሉ በር ከፍቼ፣ ወንበር አውጥቼ ተቀምጬ ስጠብቃችሁ ነው የከረምኩት!»

«በር ከፍቶ፣ ወንበር አውጥቶ መቀመጥማ ለቅሶ ነው!» ብላ ጮኸች። «የሞተበት ሰው ደጅ ላይ ሲቀመጥ ምን ይዘን እንምጣ? ከበሮ? ኩስኩስ ይዘን መጣን! እንዴውም ልጄ 'እኒህ ሴትዮ ኀዘናቸው አልወጣላቸውም፣ ዛሬ ደግሞ በበግ ይሁን' እያለች ስትሠራ ነው የከረመችው።»

እሷ እኔን አፍራ፣ እኔ እሷን አኩርፌ፣ አበባው መሬት ላይ ወድቋል።

«ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አልኳት።

እንዳላወቀ ልጅ አየችኝ። «ሲ ቡበከር እጃችንን ሳያርስልን ለቅመን እናውቃለን እንዴ?»

ኸሊል፣ ይህን አላውቅም ነበር። እሷ ነች የነገረችኝ። ለቀማው በሚጀመርበት ማለዳ አያትህ ካለፈው ዓመት የቀረውን የመጨረሻ ብልቃጥ ይዞ የአትክልቱ በር ላይ ይቆማል። ሴቶቹ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ እሱ በእያንዳንዷ እጅ ላይ ያፈስሳል፣ በስሟ ይጠራታል፣ የልጆቿን ደህንነት ይጠይቃል። እጃቸውን አሻሽተው ነው መሰላል የሚወጡት። እጁ ያልራሰ ሰው አልተጠራም፤ ሳይጠሩት መግባት ደግሞ ከሌብነት ይቆጠራል። በየዓመቱ ይህ ሲሆን እኔ የት ነበርኩ? ትምህርት ቤት፣ ደወል እየደወልኩ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ በዚያ ሰዓት አልጋዬ ውስጥ ነበርኩ። የወንድሜን ሕይወት በቃሌ አውቃለሁ ብዬ አንተን ሳርም ከረምኩ፤ በቅሎውን፣ ጠርሙሱን፣ የቱኒስን ደጃፎች። እነዚያ ሁሉ ሴቶች ለእሱ ሲሉ መኪናውን የመለሱበትን ነገር ግን ከመሕቡባ ሰማሁ።

«የሚያፈስሰው የቤቱ አባወራ ነው» አለችኝ። «አሁን የቤቱ አባወራ ማነው?»

«ሙንጂ ነው ወራሹ።»

«ሙንጂ እጃችንን ትቶ አፋችሁን ክፈቱ ነው የሚለን።»

ጥርስ ሐኪም ስለሆነ ነው። ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ «እኔ አፈስሳለሁ» አልኳት።

መሕቡባ ጉንጯን ይዛ ሳቀች። «እርስዎ! እርስዎ የእኔን መዳፍ የሚያውቁት በማስመሪያ ነው!»

«ማባዛት አታውቂም ነበር።»

«አሁንም አላውቅም!»

«እንግዲያው ነገ ጎሕ ሲቀድ እጅሽን ይዘሽ ነዪ። ሌሎቹንም ጥሪያቸው።»

ስትወጣ ሳህኗን ይዛ ሄደች። በየቤቱ ደጅ እየቆመች ስትጣራ ከዚህ ድረስ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ለአባትህ ደወልኩ። «ሙንጂ፣ ነገ እሳት አነዳለሁ።»

«ዓመት ሳይሞላ? አክስቴ፣ ሰው ምን ይላል?»

«እስካሁን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ ትተኛለች ይል ነበር። ወሬ ይለውጥ።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?» አለኝ። ጎሕ ሲቀድ እንደሆነ ነገርኩት። ያንን ሕንፃ አላነሣሁም፣ እሱም አላነሣም። ስለ ወረቀትህ ነገር አንተው ጻፍለት። እንደምትፈራው አይልህም፤ ቢልህም እኔ አለሁ።

አሁን ለጥያቄህ። ያዘገየሁት ተቀይሜህ ነው። አዎ፣ አያትህ አንሥቶህ ነበር። ካረፈበት ቀን በፊት ባለው ከሰዓት በኋላ ትራሱን ሳስተካክልለት፣ «የሦስተኛው ማሰሮ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ኸሊል ሲመጣ እንዲያየው ንገሪው» አለኝ። ያለው ይህን ብቻ ነው። አንተ ማዶኛው ክፍል ያለህ ይመስል ነበር አነጋገሩ። ቂም ከያዘ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም፤ ቡበከር ሲቀየም ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ። ምን መብት አለኝ ብለህ ጠይቀሃል። ቧንቧ እንድትጠግን የታዘዝክ ሰው ነህ፣ መብትህ ያ ነው። ዘንድሮ ሁለቱ ማሰሮዎች ይበቁናል፤ ሦስተኛውን ሳልነካው እጠብቃለሁ። ወረቀትህ በሜይ ቢመጣ ደስታዬ ነው፤ ቢዘገይም ቧንቧው የትም አይሄድም።

ዝክሩንም አታዘግየው። ቁምና ተናገር። ስለ ማለዳው ንገራቸው፤ እናቶቻቸው እዚያ በር ላይ እጃቸውን የዘረጉ ሰዎች አብረውህ አሉ፣ ያውቁታል። ጭልፋውንም አትርሳ።

አላህ ይርዳህ፣ ይመልስህም። አሁን ከቀትር በኋላው ከአስር ሶላት ተነሥቼ ነው የምጽፍልህ፤ ዛሬ በጊዜ መተኛት አለብኝ። ነገ የንጋቱን ሶላት ሱብሒን እንደሰገድኩ መጀመሪያ ያንን ወንበር ከደጅ አስገባለሁ። ብልቃጡን ከመደርደሪያ አወርዳለሁ፤ ባለፈው ጸደይ ራሱ ቡበከር የደፈነው ነው፣ ቡሹ ቢያስቸግረኝ ቢላ እይዛለሁ። የሴቶቹን ስም፣ የልጆቻቸውንም ስም በመንገድ ላይ ለራሴ እደጋግማለሁ፣ እንዳልሳሳት። ወደ አትክልቱ በር እወርዳለሁ። የመሕቡባን መዳፍ አስቀድማለሁ። እጄ አልለመደምና ግማሹ መሬት ላይ መፍሰሱ አይቀርም፤ እሷም አነሰ ማለቷ አይቀርም። ደግሜ አፈስስላታለሁ።

ዙለይኻ